«ወራጅ አለ» መርከብ ላይ ይሠራል? ክሩዝ ሳያልቅ መሀል ወደብ ላይ ስለመውረድ

ለገጣፎ72

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ክሩዝ የምታውቁ አስረዱኝ። ሮም ያለው ወንድሜ ለአባቴና ለእናቴ የ7 ሌሊት የሜዲትራኒያን ጉዞ ከፍሎላቸዋል። መስመሩ ቅዳሜ ከባርሴሎና ተነስቶ እሁድ ማርሴይ፣ ሰኞ ጄኖቫ፣ ማክሰኞ ቺቪታቬኪያ (የሮም ወደብ)፣ ረቡዕ ፓሌርሞ፣ ሐሙስ ላ ጉሌት (ቱኒስ)፣ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ባህር ላይ፣ ቅዳሜ ተመልሶ ባርሴሎና ነው።

ቪዛው ከጣሊያን የተሰጠ ሸንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ነው። ፓስፖርቱ ሲመጣ ግን የመግቢያ ብዛት የሚለው ቦታ ላይ 01፣ ማለትም አንድ ጊዜ ብቻ መግባት፣ ተጽፎበታል። ቱኒስ ከሸንገን ውጭ ስለሆነ ተመልሰው ባርሴሎና መግባት አይችሉም ተባልን። ስለዚህ ማክሰኞ ቺቪታቬኪያ ላይ ወርደው ወንድሜ ጋ ቢቀሩስ?

ዝም ብሎ ወርዶ አለመመለስ ይቻላል? ማስፈቀድ ካስፈለገ ማንን? የቀሩት 4 ሌሊቶች ገንዘብ ይመለሳል? ሻንጣውስ? የአውሮፕላን ትኬታቸው አዲስ አበባ–ሮም–ባርሴሎና፣ ደርሶ መልስ፣ በአንድ ትኬት የተቆረጠ ነው። ጉዞው 9 ሳምንት ቀርቶታል።

ቡራዩ ከታ

ምን ያስጨንቃል? ከባርሴሎና እስከ ፓሌርሞ ሁሉም ሸንገን ነው። ቺቪታቬኪያ ሲደርሱ እንደ ሌላው ተሳፋሪ ካርዳቸውን አስነክተው ሮምን ለማየት ይወጣሉ፣ ማታ አይመለሱም። በቃ። ማን ይጠይቃቸዋል?

ሰበታ ዲማ

ቡራዩ፣ ይሄ ምክር ሰው ያስቀጣል። መርከብ እንደ ሚኒባስ «ወራጅ አለ» ተብሎ የሚወረድበት አይደለም። ረዳቱ ስንት ሰው እንደወረደ ባይቆጥርም መርከቡ ይቆጥራል። ሶላስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የባህር ደህንነት ስምምነት ከመነሳት በፊት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲቆጠር ያዛል። መውጫው ላይ ካርድ ሲነካ ኮምፒዩተሩ «ወጥቷል» ይላል፣ ሲመለሱ «ገብቷል» ይላል። መነሻው ሰዓት ሲቃረብ ሁለት ሰው «ወጥቷል» እንዳለ ከቀረ ስማቸው በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ ካቢናቸው ይፈተሻል፣ የዕቃ ማስቀመጫ ሣጥኑ ተከፍቶ ፓስፖርት ከተገኘ ወደብ ላይ ላለው የኩባንያው ወኪል ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የጠፉ ሰዎች ተብለው ለወደቡ ፖሊስ ሪፖርት ይደረጋሉ። በአንድ መግቢያ ቪዛ የገባ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ «ከመርከብ ጠፋ» ተብሎ ሲመዘገብ ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ መንገር አያስፈልግም። ቀጣዩን ቪዛ ሲጠይቁ ይመጣባቸዋል።

አሁን ወደ ጠያቂዋ። እህቴ፣ መውረዱ ቀላሉ ክፍል ነው፤ አስቸጋሪው መሳፈሩ ነው። ባርሴሎና ወደብ ላይ ተሳፋሪ የሚቀበለው ሠራተኛ ፓስፖርቱንና ቪዛውን የሚያመሳክረው ከነገው ወደብ ጋር አይደለም፣ ከመስመሩ ሙሉ ዝርዝር ጋር ነው። ማያው ላይ ላ ጉሌት አለ፣ ከዚያ ባርሴሎና አለ፣ ቪዛው ደግሞ 01 ነው። ስለዚህ አያሳፍራቸውም። «እኛ እኮ ማክሰኞ እንወርዳለን» ብለው ቢያስረዱትም ቦታ ማስያዣው ላይ ካልተጻፈ ወሬ ነው። የጉዞ ሰነድ ማሟላት የተሳፋሪው ኃላፊነት እንደሆነ ውሉ ላይ ስላለ ከወደብ የተመለሰ ሰው ገንዘቡን አያገኝም።

ብዙ ሰው «ቱኒስ አንወርድም፣ መርከቡ ውስጥ እንቀመጣለን» ይላል። ይሄም አያድንም። ከሸንገን የወጣው መርከቡ ነው፤ ከላ ጉሌት ተነስቶ ባርሴሎና ሲደርስ ውስጡ ያለው ሰው ሁሉ ከውጭ እንደመጣ ይታያል።

ኤምባሲ ተመልሳችሁ 01ን ወደ ብዙ መግቢያ ለማስቀየርም አትድከሙ። ሚያዝያ 21 ቀን 2016 የአውሮፓ ህብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ አባል አገሮች ለኢትዮጵያውያን ብዙ መግቢያ ያለው ቪዛ መስጠት እንዲያቆሙ፣ የማመልከቻ መመርመሪያ ጊዜውም ከ15 ወደ 45 ቀን እንዲረዝም ተደርጓል። የአውሮፓ ዜጋ የቤተሰብ አባል ሆኖ በነፃ እንቅስቃሴ መብት የሚጓዝ ሰው ብቻ ይለያል። ቆንስሉ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እጁ ታስሮ ነው።

ገላን ኮንዶ

ሰበታ የጻፈው ልክ ነው። እኔ በአካሄዱ ላይ ልጨምር።

ፈቃዱን መጠየቅ ያለበት ቦታውን ያስያዘው ሰው ነው። ወንድምሽ ሮም ባለ ኤጀንት በኩል ገዝቶ ከሆነ ኩባንያው የሚያናግረው ኤጀንቱን ብቻ ነው፤ አንቺ ከዚህ ስትደውዪ «ከወኪልዎ ጋር ይነጋገሩ» ተብለሽ ትመለሻለሽ። የነገሩ ስም «ኧርሊ ዲሰምባርኬሽን» ነው። ኤጀንቱ አላውቀውም ካለ «መሀል ወደብ ላይ በቋሚነት መውረድ» ብሎ ያስረዳ። «በቋሚነት» የምትለው ቃል ካልገባች ስለ ሽርሽር የተጠየቁ መስሏቸው «አዎ፣ ቺቪታቬኪያ ላይ መውረድ ይቻላል» ብለው ይመልሳሉ። ያ መልስ ዋጋ የለውም።

ደብዳቤው ላይ የቦታ ማስያዣ ቁጥሩ፣ የመርከቡ ስም፣ የመነሻው ቀን (በእነሱ አቆጣጠር፣ ወሩ በፊደል ተጽፎ)፣ የሁለቱም ሰዎች ሙሉ ስም ልክ በፓስፖርታቸው እንዳለ፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ዜግነት፣ የቪዛው ቁጥርና «መግቢያ 01» መሆኑ፣ የሚወርዱበት ወደብና ቀን፣ ምክንያቱ፣ ከወረዱ በኋላ የሚያርፉበት አድራሻና ወደ አገር የሚመለሱበት በረራ ይስፈር። ምክንያቱን አትደብቁ። «ቪዛቸው ከቱኒስ በኋላ መመለስ አያስችልም» ማለት ለኩባንያው ግልጽና ቀላል ምክንያት ነው፣ ለእነሱም ከቅጣት የሚያድን ነው።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። እኛ አገር ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም የላቸውም። የአባትሽና የእናትሽ ፓስፖርት ላይ የተለያየ ስም ስላለ፣ ሁለቱ በአንድ ማስያዣ ቁጥር ካልተያዙ ለአንዱ የተፈቀደው ለሌላው አይሠራም። የፈቃዱ መልስ ሲመጣ ሁለቱም ስም እንዳለበት እዩ።

ከዚያ በኋላ ኩባንያው ራሱ ቺቪታቬኪያ ያለውን ወኪሉን፣ ወኪሉም የወደቡን ድንበር ፖሊስ ይጠይቃል። መልሱ በአንድ ቀን አይመጣም። 9 ሳምንት በቂ ነው፣ ግን ዛሬ ጀምሩ፤ ጉዞው በተቃረበ ቁጥር አንቀበልም ይላሉ። «እምቢ» ሊባልም ይችላል፤ ያኔ የሚቀረው መስመሩን መቀየር ነው። የስረዛ ቅጣት ደግሞ መነሻው ሲቃረብ በደረጃ ይጨምራልና ወንድምሽ ውሉን አውጥቶ ቀጣዩ ደረጃ በስንተኛው ቀን እንደሚጀምር ይቁጠር። ለፈቃዱ መልስ ከዚያ ቀን በፊት ያለ ቀን ቆርጣችሁ ጠብቁ። ሳይቃጠል በቅጠል።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በምዕራብ ሜዲትራኒያን እንደ ኤምኤስሲና ኮስታ ያሉ ኩባንያዎች ተሳፋሪ ከአንድ ወደብ ብቻ አይጭኑም፤ በባርሴሎናም፣ በማርሴይም፣ በጄኖቫም፣ በቺቪታቬኪያም አዲስ ሰው ይሳፈራል፣ የጨረሰም ይወርዳል። ቺቪታቬኪያ የእነሱ መርከብ መሳፈሪያ ከሆነ ሻንጣ ማውረጃውም፣ ተርሚናሉም፣ ሠራተኛውም እዚያው ስላለ የእናንተ ሁለት ሰው ለእነሱ ምንም አይደለም። እንዲያውም ኤጀንቱ «ከባርሴሎና እስከ ቺቪታቬኪያ ብቻ» ብሎ ማስያዝ ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ። ከተቻለ ልዩ ፈቃድ የሚባለው ነገር ይቀራል።

ገንዘቡን ግን እርሱት። የ7 ሌሊት ዋጋ የካቢን ዋጋ ነው፤ የቀሩት 4 ሌሊቶች ባዶ ቢሄዱም ለሌላ አይሸጡም። ኢንሹራንስም በራስ ፈቃድ ላቋረጡት ጉዞ አይከፍልም። በሕመም ቢሆን ሌላ ነው፤ ያኔም ከመርከቡ ሐኪም በጽሑፍ ካልተያዘ አይከፈልም።

ቡራዩ ከታ

እሺ ተማርኩ፣ ቃሌን አንስቻለሁ። ግን አንድ ልጠይቅ፤ ለምን ፓሌርሞ አይወርዱም? አንድ ቀን ይጨምሩ ነበር።

ገላን ኮንዶ

ቪዛው ይፈቅዳል፣ ፓሌርሞም ጣሊያን ነው። ግን ደሴት ላይ ነው። ከዚያ ሮም ለመድረስ ሌላ አውሮፕላን ወይም የሌሊት ጀልባ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል፤ ፓሌርሞ ከቱኒስ በፊት ያለው የመጨረሻ ወደብ ነው። ነፋስ ጠንክሮ መርከቡ ወደቡን ቢዘል (ይዘላል፣ ካፒቴኑ ማንንም አያስፈቅድም) በቀጥታ ላ ጉሌት ይገኛሉ፣ ከቪዛ 01 ጋር። ቺቪታቬኪያ ቢዘለል ግን ፓሌርሞ መጠባበቂያ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ፈቃዱ ሲጠየቅ «ቺቪታቬኪያ ካልተቻለ ፓሌርሞ» የሚል ሐረግ ይግባበት።

ቱሉ ዲምቱ መዞሪያ

መርከቡ ውስጥ ስለሚደረገው ልጻፍ፤ ወረቀቱ አልቆ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።

የፈቃዱን ደብዳቤ 4 ቅጂ አትሙ። አንዱ ለቦሌ (መመለሻ ትኬቱና የመርከቡ መስመር ለምን እንደማይገጥም ቼክ-ኢን ላይ ሊጠየቁ ይችላሉ)፣ አንዱ ለፊውሚቺኖ (የሮም አውሮፕላን ማረፊያ)፣ አንዱ ለባርሴሎና ወደብ፣ አንዱ ለመርከቡ። ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት። ባትሪ ያልቃል፣ የወላጆች ስልክ ደግሞ ሁሌም በማይሆን ሰዓት ይቆለፋል።

ቅዳሜ እንደተሳፈሩ፣ ምሳ ከመብላታቸው በፊት፣ እንግዳ መቀበያው ዴስክ ሄደው ደብዳቤውን ያሳዩ። ቢሮ የጻፈው መርከብ ላይ ያልደረሰበት ጊዜ አለ። ዴስኩ ማኒፌስቱ (የተሳፋሪዎች ዝርዝር) ላይ «ቺቪታቬኪያ፣ የመጨረሻ» ብሎ መመዝገቡን ያረጋግጥላቸው። ፓስፖርታቸውን መርከቡ ከያዘው (አንዳንድ መስመር ላይ ይሰበስባሉ) ሰኞ ማታ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ከየት እንደሚረከቡ ያኔውኑ ይጠይቁ።

ሰኞ ማታ ሒሳብ ይዘጋል። መርከብ ላይ በጥሬ ገንዘብ አይገዛም፣ ሁሉም በካቢኑ ካርድ ይመዘገብና ከባንክ ካርድ ወይም አስቀድሞ ከተያዘ ጥሬ ገንዘብ ይቀነሳል። ጥሬ ዩሮ አስይዘው ከሆነ ቀሪው የሚመለሰው ዴስኩ ላይ ብቻ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ለሽርሽር ሲሰለፍ መጠበቅ ስለሚሆን ማታውኑ ይጨርሱት። የባንክ ካርድ ከሆነ የታገደው ገንዘብ ከወረዱ በኋላም ለተወሰኑ ቀናት ታግዶ ይቆያልና «ተዘረፍን» ብላችሁ እንዳትደነግጡ። በየቀኑ የሚቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ለቀሩት 4 ቀናት ቀድሞ ተከፍሎ ከሆነ እንዲመለስ ይጠየቅ፤ ካልተጠየቀ ማንም አያስታውሳቸውም። ለፓሌርሞና ለቱኒስ የተገዛ ሽርሽር ካለም ቀደም ብሎ ይሰረዝ፣ ዕለቱ ከደረሰ አይመለስም።

የሚረሱ ሁለት ነገሮች ልንገራችሁ። አንደኛ፣ መርከቡ ውስጥ ካለው ሱቅ የተገዛ የመጠጥ ጠርሙስ ወዲያው አይሰጥም፣ ተይዞ የሚታደለው በጉዞው የመጨረሻ ምሽት ነው። የእነሱ የመጨረሻ ምሽት ሰኞ መሆኑን ሱቁ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ሲሳፈሩ ፍተሻ ላይ የተያዘ ዕቃ ካለ (ካውያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ውሃ ማፍያ ይይዛሉ፣ እሳት ስለሚፈሩ) ደረሰኙን ይዘው ከጥበቃ ክፍሉ ያስመልሱ።

እናት ለልጇ የምትቋጥረውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ቅቤና ቋንጣ አይሞከርም፤ የወተትና የሥጋ ውጤት ከውጭ ይዞ አውሮፓ መግባት ክልክል ስለሆነ ፊውሚቺኖ ላይ ይጣላል። በርበሬና ሽሮው ጉምሩክ ቢያልፍም ብዙ መርከቦች ቤት የተዘጋጀ ምግብ አያሳፍሩም፣ ፋብሪካ የታሸገ ብቻ ነው የሚፈቅዱት። የተሻለው ሮም ላይ ማስረከብ ነበር፣ ግን በረራው እዚያ የሚቆየው ለትራንዚት ብቻ ከሆነና ሻንጣው ቀጥታ ባርሴሎና ከተላከ ዕድሉ የለም።

ሻንጣውን በተመለከተ፣ በተለመደው የመጨረሻ ቀን ማታ በር ላይ ያስቀመጡት ሻንጣ ጠዋት ተርሚናል ውስጥ ይጠብቃል። መሀል ወደብ ላይ ይሄ አገልግሎት የሚኖረው የሌሎች ተሳፋሪዎችም መውረጃ ከሆነ ብቻ ነው። ካልሆነ ራሳቸው እየጎተቱ ይወርዳሉ። አየር መንገዱ ለአንድ ሰው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ስለፈቀደ ብቻ ሁለቱንም ከሞሉ፣ አራት ሻንጣ 92 ኪሎ በመውጫው ተዳፋት ላይ ማውረድ ለአዛውንት አይሆንም። ለአንድ ሰው አንድ ሻንጣ፣ አራት ጎማ ያለው ይሁን። አባትሽ ወይም እናትሽ እግራቸውን የሚያማቸው ከሆነ የተሽከርካሪ ወንበር ድጋፍ እስከ ተርሚናሉ ድረስ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ቺቪታቬኪያ በዚህ ረገድ ደህና ነው፣ መርከቡ በቀጥታ ከመሬት ይጠጋል። የግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ብትሆን ኖሮ አይሆንም እላችሁ ነበር። እዚያ መርከቡ ባህር መሀል ይቆምና ሰው በትንሽ ጀልባ ወደ አሮጌው ወደብ ይወሰዳል፣ ከዚያ ወደ ከተማው በኬብል ካር (በገመድ በሚጎተት መኪና)፣ በበቅሎ ወይም ወደ 600 በሚጠጋ ደረጃ ነው የሚወጣው። በጀልባ የሚወረድበት ወደብ ላይ ብዙ ኩባንያዎች በቋሚነት መውረድ የማይፈቅዱት ለዚህ ነው።

የሰዓት ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን ሰው ያስቀራል። የመርከቡ ጋዜጣ (የየዕለቱ ፕሮግራም) 07:00 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ 18:00 ካለ ከምሽቱ 12 ሰዓት። ለወላጆችሽ በአማርኛ በእኛ ሰዓት ገልብጠሽ በወረቀት ስጫቸው። ስልካቸው የአዲስ አበባን ሰዓት ይዞ ከቀረ ደግሞ በአውሮፓ በጋ (በእኛ ክረምት) ከጣሊያን 1 ሰዓት ይቀድማል። እሱ እንኳ ጥሩ ነው፣ ቀድመው ይደርሳሉ።

ለገጣፎ72

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። የአውሮፕላኑ ትኬት እንዴት ይሁን? የቪዛው ቀንስ? «የቆይታ ቀናት 20» ይላል።

ሰበታ ዲማ

ትኬቱ የግድ መቀየር አለበት። ብዙ ሰው «ከባርሴሎና ሮም ያለውን ትተው ከሮም ይሳፈራሉ» ብሎ ያስባል። አይሆንም። በአንድ ትኬት ላይ ያሉ በረራዎች በቅደም ተከተል ነው የሚበሉት፤ አንዱን ሳይሳፈሩ ከቀሩ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ በሲስተሙ ይሰረዛል። ባርሴሎና–ሮም ላይ ካልተገኙ የሮም–አዲስ አበባው ወንበር አይኖርም። ስለዚህ ከመነሳታቸው በፊት «ሂያጅ አዲስ አበባ–ሮም–ባርሴሎና፣ ተመላሽ ሮም–አዲስ አበባ» ተደርጎ እንደገና ይቆረጥ። ልዩነቱን ከመክፈል በፊት ግን የመርከቡ ፈቃድ በእጅ ይግባ፣ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ።

መመለሻውን ማክሰኞ ማታ አታድርጉት። መርከቡ ሊዘገይ ወይም ወደቡን ሊዘል ይችላል፤ ደግሞም ወንድምሽ ጋ ሊቆዩ አይደል የሄዱት?

20ዎቹ ቀናት ከመጀመሪያው መግቢያ ቀን ጀምሮ ይቆጠራሉ፣ የገቡበት ቀን ራሱ 1 ነው፣ የሚወጡበትም ይቆጠራል። የእነሱ መግቢያ ባርሴሎና አይደለም፣ ፊውሚቺኖ ነው፤ ሸንገንን መጀመሪያ የሚረግጡት እዚያ ስለሆነ ቁጥጥሩ እዚያ ያልቅና የባርሴሎናው በረራ እንደ አገር ውስጥ ይሆናል። ትራንዚቱ አጭር እንዳይሆን፣ ሰልፉ አለ። ከጥቅምት 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው የመግቢያና መውጫ ምዝገባ ቀኑን በማሽን ይቆጥራልና «ማኅተሙ አይነበብም» የሚባል ነገር የለም፣ 21ኛው ቀን 21 ነው። የጉዞ ጤና ኢንሹራንሱም (ሸንገን ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ ሽፋን ይጠይቃል) እስከ አዲሱ መመለሻ ቀን መድረሱን እዩ።

ቪዛው ከጣሊያን መውጣቱ ደግሞ ዕድል ነው። ሸንገን የሚጠየቀው ብዙ ቀን ከሚቆዩበት አገር ነው፣ ቺቪታቬኪያ ወርደው ሮም ሲቀመጡ ይሄ ይበልጥ ይገጥማል። በስፔን ቪዛ ሄዶ ግማሹን ጊዜ ሮም ማሳለፍ ቢሆን ጥያቄ ያስነሳ ነበር።

ወንድምሽ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ጣሊያን ውስጥ የውጭ አገር ሰው ቤቱ ያሳደረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ማክሰኞ ከወረዱ ሐሙስ ያልቃል።

ሱሉልታ ጎን

ይቅርታ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። የእኛ ደግሞ አላስካ ነው፣ ከሲያትል ተነስቶ ሲያትል የሚመለስ። ጁኖ ላይ ወርዶ ዘመድ ጋ መቅረት እንደዚሁ በፈቃድ ይቻላል?

ገላን ኮንዶ

አይቻልም፣ ኩባንያው ቢወድም አይቻልም። አሜሪካ ከ1886 ጀምሮ (በእነሱ አቆጣጠር) ያለ የመንገደኛ መርከብ ሕግ አላት፤ በውጭ አገር ባንዲራ የሚሄድ መርከብ ሰውን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ አንስቶ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ላይ ማራገፍ አይችልም። ትልልቆቹ ክሩዞች ከሞላ ጎደል ሁሉም በባሃማስ፣ በፓናማ፣ በማልታ ወይም በመሳሰሉት ባንዲራ ነው የሚሄዱት። ሲያትል ተሳፍሮ ጁኖ መቅረት በቀጥታ ጥሰት ነው። ቅጣቱ በነፍስ ወከፍ ከ900 ዶላር በላይ ደርሷል፣ ኩባንያው ከፍሎ ለተሳፋሪው ያስተላልፈዋል። መሀል ላይ ካናዳ መንካቱም አያድንም፤ ሕጉ የሚያየው «ሩቅ የውጭ ወደብ» ነው፣ ካናዳና ሜክሲኮ ደግሞ ቅርብ ናቸው።

ሁለት መውጫ አለ። አንዱ መጀመሪያውኑ ከካናዳዋ ቫንኩቨር የሚነሳ መርከብ መያዝ ነው፤ መነሻው ውጭ አገር ስለሆነ ጁኖ መውረድ ይህን ሕግ አይነካውም፣ የኩባንያው ፈቃድ ግን አሁንም ያስፈልጋል። ሌላው ከሲያትል ተሳፍሮ ቪክቶሪያ ላይ መቅረት ነው፣ የካናዳ ቪዛ ካለ። ለጠያቂያችን ይሄ ሁሉ አይመለከታትም፤ ባርሴሎና ተሳፍሮ ጣሊያን መውረድ ከአገር አገር ነው።

ቪዛ ላይ ስለደረስን ሌላም ልጨምር። የቀን ጎብኚ ፈቃድና የቋሚ ወራጅ ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። ቱርክ ለምሳሌ በክሩዝ ለመጣ ሰው ወደቡን ከተማና አካባቢውን ያለ ቪዛ እስከ 72 ሰዓት እንዲያይ ትፈቅዳለች፤ ያ ግን ወደ መርከቡ ለሚመለስ ነው። ኩሻዳሲ ላይ ሻንጣ ይዞ የሚቀር ሰው ሙሉ ቪዛ ይጠየቃል። በየአገሩ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ።

ለገጣፎ72

ገባኝ። ወንድሜ ዛሬ ማታ ለኤጀንቱ ይጽፋል። የመጨረሻ ጥያቄ፤ መርከቡ ሥር ድረስ ገብቶ ሊቀበላቸው ይችላል? አባቴ ቋንቋ የለውም።

ቱሉ ዲምቱ መዞሪያ

መርከቡ ሥር አይገባም፤ መቆሚያው ለተሳፋሪና ለፈቃድ ላለው መኪና ብቻ ነው። ከመርከቡ ሥር የወደቡ ነፃ አውቶቡስ ተሳፋሪን ላርጎ ዴላ ፓቼ ወደሚባለው መግቢያ ያደርሳል። ቀጠሮው እዚያ ይሁን። የቦታውን ስም በላቲን ፊደል በትልቁ ጽፈሽ ከካቢን ካርዳቸው ጋር አያይዢላቸው፣ ለአውቶቡሱ ሹፌር ማሳየት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ወንድምሽ በመኪና ካልመጣ ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያ ሌላ አውቶቡስ አለ። የክልል ባቡሩ ሮም ተርሚኒ (ዋናው ጣቢያ) ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ያደርሳል፣ ትኬቱ 5 ዩሮ አካባቢ ነው፤ የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈር በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ማሽን መመታት አለበት፣ አለበለዚያ በያዙት ትኬት ይቀጣሉ። ቤቱ በሳን ፒየትሮ ወይም በትራስቴቬሬ በኩል ከሆነ እስከ ተርሚኒ መሄድ የለባቸውም፣ ባቡሩ ቀድሞ እዚያ ይቆማል።

ስልክ ላይ አንድ ነገር። መርከቡ ባህር ላይ ሲሆን የራሱ የሳተላይት ኔትወርክ አለው፣ ስልኩ ዝም ብሎ ይያያዝበታል፣ ሒሳቡም የደቂቃ ሳይሆን የደመወዝ ነው። ከባርሴሎና ጀምሮ ስልካቸው በአውሮፕላን ሁነታ ይቆይ። ማክሰኞ ጠዋት ከመርከቡ ወርደው አውቶቡሱ ውስጥ ሲቀመጡ ይክፈቱትና የጣሊያን ኔትወርክ ስም ሲያዩ ይደውሉለት።